እስከ 18፣ ከዚያም አንድ ዓመት

ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በጅማና በጎጃም መንገድ ሲወጡ የሚገኙት ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ያሠራው ቤት ብዙ ነው። በየሰፈሩም ክረምቱን ከአያቱ ጋር ሊያሳልፍ የመጣ፣ ወይም እዚሁ ተወልዶ ወደ አባቱ የሚሄድበትን ቀን የሚጠብቅ ልጅ አይጠፋም። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ሁለት ፓስፖርት አላቸው። የሚከተለው ምልልስ በእነሱ ጉዳይ ላይ ያተኮረ ነው። አንዷ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ የምትኖር እናት ናት፤ ሌላው ሰበታ ዓለምገና ቢሮ ያላቸው፣ የአባቷ ወዳጅ የሆኑ ጠበቃ ናቸው። ሁለቱም የብዙ ቤተሰቦችን ጥያቄ እንዲያነሱ የተቀረጹ ተናጋሪዎች ስለሆኑ ስም አልሰጠናቸውም።

እናት፦ ጋሼ፣ የመጣሁት ለጉዞ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ልጆች ይዤ አባታቸው ጋ ልሄድ ነው። ታላቁ አሜሪካ ነው የተወለደው፤ ከመጣን ወዲህ ሱሉልታ እናቴ ዘንድ ሆኖ ይማራል። ታናሿ እዚሁ ቡራዩ የተወለደች ናት። ሁለቱም የአሜሪካም የኢትዮጵያም ፓስፖርት አላቸው። ሰው ሁሉ «አንዱን ደብቂ» ይለኛል። የቱን ላሳይ፣ የቱን ልደብቅ?

ጠበቃ፦ የምትደብቂው የለም፣ ልጄ። የተደበቀ ፓስፖርት የሚያመጣው ጣጣ ከታየው ይብሳል። እስቲ መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ፤ ታላቁ ሲወለድ አንቺና አባቱ ዜግነታችሁ ምን ነበር?

እናት፦ ሁለታችንም ኢትዮጵያውያን ነበርን፤ ግሪን ካርድ ይዘን ነበር የምንኖረው። አባቱ ዜግነት የቀየረው ኋላ ነው። ታናሿ ስትወለድ እሱ አሜሪካዊ ሆኖ ነበር። እኔ እስከ ዛሬም አልቀየርኩም።

ጠበቃ፦ እንግዲያው ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም በአንቀጽ 3 ይህንኑ ይደነግጋል። ሕጉ የሚያየው የወላጅን ዜግነት ነው፤ ልጁ ሜሪላንድ ይወለድ ሱሉልታ ለውጥ የለውም። አሜሪካ ደግሞ በምድሯ የተወለደውን ዜጋዬ ትላለች። ታላቁ በዚህ አሜሪካዊ ሆነ፤ ታናሿ በአባቷ።

እናት፦ ለእሷማ አባቷ አሜሪካ የኖረበትን ዘመን በማስረጃ ማሳየት ነበረበት።

ጠበቃ፦ አዎ፣ የአሜሪካዊ ልጅ ሁሉ ዝም ብሎ አሜሪካዊ አይሆንም። ባልና ሚስት ሆነው አንዳቸው ብቻ አሜሪካዊ ከሆኑና ልጁ ከአሜሪካ ውጭ ከተወለደ፣ ዜጋው ወላጅ ከልደቱ በፊት ቢያንስ 5 ዓመት አሜሪካ ውስጥ የኖረ መሆን አለበት። ከ5ቱም ቢያንስ 2ቱ እሱ ራሱ 14 ዓመት ከሞላው በኋላ የኖረባቸው መሆን አለባቸው። የውጭ አገር ልደት ሪፖርት የሚባለው ሰነድም ልጁ 18 ሳይሞላው ነው የሚጠየቀው። እዚህ አካባቢ «አባቱ አሜሪካዊ ስለሆነ ልጁም ነው» ብለው ሳያስመዘግቡ ዓመታት የሚያሳልፉ ቤተሰቦች አሉ። እናንተ በጊዜው መጨረሳችሁ ጥሩ አደረጋችሁ።

እናት፦ ታዲያ «ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም» የሚባለውስ? ፓስፖርቶቹን አንድ ላይ ባየሁ ቁጥር ወንጀል የሠራሁ ይመስለኛል።

ጠበቃ፦ ያ ደንብ የተጻፈው ፈልጎ ለወሰደ አዋቂ ነው። የዜግነት አዋጁ አንቀጽ 20 በመጀመሪያው ንዑስ አንቀጹ፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ባልሽ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ልጆችሽ ግን ሁለተኛውን ዜግነት ይዘውት ተወለዱ እንጂ ጠይቀው አልወሰዱትም። ሕጉ ለእንደነሱ ላሉት ለብቻው ደንግጓል፤ የኢትዮጵያ ዜግነታቸው በሕጉ መሠረት እስኪቀር ድረስ ሌላ ዜግነት ቢኖራቸውም እንደ ኢትዮጵያዊ ይቆጠራሉ። ደረቱን ነፍቶ መሄድ የሚችል ልጅ ነው ያለሽ። ነገር ግን «እስኪቀር ድረስ» የሚለው ቃል ቀነ ገደብ አለው። እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ የመንገዱን እንጨርስ።

እናት፦ እሺ፣ ቦሌ ደረስን እንበል።

ጠበቃ፦ መንገደኛ ሊይዘው የሚገባ ደንብ ይህ ነው፤ ወደ አንድ አገር በገባሽበት ፓስፖርት ከዚያው አገር ትወጫለሽ። አሜሪካ ዜጋዋ በአሜሪካ ፓስፖርት እንዲገባና እንዲወጣ በሕግ ታስገድዳለች፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ቢሆንም። በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ላይ የአሜሪካ ቪዛ ልታስመቺላት የማትችይው ለዚህ ነው። ካናዳም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ጥምር ዜጎቿ ወደ እሷ ሲበሩ የካናዳ ፓስፖርት እንዲይዙ ታደርጋለች። ስለዚህ ታናሿ ከዚህ ስትወጣ ለኢሚግሬሽን ሠራተኛው የኢትዮጵያውን ታሳያለች። ለአየር መንገዱ ደግሞ መድረሻዋ እንደምትገባ የሚያረጋግጠውን የአሜሪካውን። የአሜሪካውን ብቻ ብታቀርቢ «መቼ ገባች? የመግቢያ ማኅተሟ የታለ?» መባሉ አይቀርም። እዚሁ የተወለደች ልጅ የመግቢያ ማኅተም ከየት ታመጣለች?

እናት፦ ታላቁስ?

ጠበቃ፦ ሲመጣ በየትኛው ነው የገባው?

እናት፦ በአሜሪካው፣ በጎብኚ ቪዛ። ቪዛው ካለፈ ዓመታት ሆነው። የኢትዮጵያውን ያወጣሁለት እዚህ ከገባን በኋላ ነው።

ጠበቃ፦ ከትኬቱ በፊት የሚቀድመው ይሄ ነው እንግዲህ። በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆኗል፤ አንዱ ገብቶ ያልወጣ የውጭ ዜጋ፣ ሌላው ሳይገባ ሊወጣ የቆመ ኢትዮጵያዊ። ቪዛው ያለፈበት የውጭ ዜጋ ቅጣት ይጠየቃል። ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው አውሮፕላኑ ሊነሳ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ከሆነ፣ ልጁ እያለቀሰ ይመለሳል። አስቀድመሽ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሂጂ። ሁለቱንም ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬቱንና ያንቺን ኢትዮጵያዊነት የሚያሳይ ማስረጃ ያዢ። ልጁ ሲወለድ አባቱም ኢትዮጵያዊ እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ ካለ ጨምሪበት። ከዚያ አንድ ሰው መሆኑ በመዝገብ እንዲስተካከል በማመልከቻ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። በቃል የተሰጠሽ መልስ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

እናት፦ አንድ ሰው መሆኑን ማስረዳቱ ራሱ ይከብዳል እኮ። ስሙ በሁለቱ ፓስፖርት ላይ ይለያያል። በአሜሪካው የራሱ ስምና የአያቱ ስም ነው ያለው፤ በእኛው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ።

ጠበቃ፦ ከዚህ አገር የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከልጁ ስም ቀጥሎ የአባቱ ነው የሚመጣው። አሜሪካ ግን የቤተሰብ ስም ትጠይቃለች። አባቱ ሰነድ ሲያወጣ የራሱን አባት ስም በዚያ ቦታ አስገባ፤ ልጁ ሲወለድ ያው ስም ተላለፈለትና አባቱ መካከል ላይ ጠፋ። አንቺ ደግሞ የራስሽን አባት ስም ነው የያዝሽው። ድንበር ላይ የቆመው መኮንን የሚያየው በስም የማይገናኙ እናትና ልጅ ነው። «እናቱ ለመሆንሽ ማስረጃሽ ምንድን ነው?» ቢልሽ አትቆጪ፤ ጥያቄው ልጅ ይዘው የሚጠፉ ሰዎችን ለመያዝ የተበጀ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ልጅ ይዞ የሚገባ ሁሉ የወላጆችን ስም የያዘ ሙሉ የልደት ሰርተፍኬት እንዲያሳይ አስገድዳ ነበር፤ ኋላ ላይ አላላችው። የእናትና የአባት ስም ያለበት የልደት ሰርተፍኬት ከፓስፖርት እኩል የሚያዝ ሰነድ ነው።

እናት፦ የታናሿ ሰርተፍኬት ደግሞ ከቡራዩ ስለወጣ ስሟ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው የተጻፈው።

ጠበቃ፦ እሱንም ማየት ያስፈልጋል። ጫልቱ የምትባል ልጅ እንውሰድ። በቁቤ ስሟ ሲጻፍ የ«ጭ»ን ድምፅ «ሲ» የሚባለው ፊደል ብቻውን ይይዘዋል፤ ሲረዝም ደግሞ አናባቢው ይደገማል። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተለመደ ሰው ያንኑ ስም በ«ሲ»ና «ኤች» ነው የሚጀምረው፤ አናባቢውንም አይደግምም። አንዷ ልጅ በሰርተፍኬቷ አንድ ሆና በፓስፖርቷ ሌላ ትሆናለች። ሁለቱም አጻጻፍ በየሥርዓቱ ትክክል ነው። ኮምፒዩተር ግን ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳክረው። ትኬት ስትቆርጪ ስሟ ልትገባበት ባለው አገር ፓስፖርት ላይ እንዳለው ይሁን። የሌላውን አጻጻፍ አንድነት የሚያረጋግጥ ሰነድ ደግሞ አብረሽ ያዢ። ገና ልደት ያላስመዘገበ ወላጅ ካወቅሽ፣ ስሙ በሁለቱም አገር ሰነድ አንድ ዓይነት እንዲጻፍ ከመጀመሪያው ያስብ በዪው።

እናት፦ ምዝገባውን በተመለከተ ብዙ ሰው «ፓስፖርት ሲያስፈልግ ያኔ እናወጣዋለን» ይላል።

ጠበቃ፦ ያ ነው ትልቁ ጉዳት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ ሥራው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ውጭ አገር የተወለደ ኢትዮጵያዊም በኤምባሲያችን ሊመዘገብ ይችላል። ከዓመታት በኋላ የሚወጣ ሰርተፍኬት ዋጋ የለውም አልልም። ሆኖም የውጭ ኤምባሲዎች ዘግይቶ የወጣን ሰነድ አጥብቀው ይመረምራሉ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ፤ የቀን መቁጠሪያውን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ በእኛና በአውሮፓውያን መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሰው ኅዳር የተወለደውን ልጅ ሙሉ ዓመት ያሳስተዋል።

እናት፦ የኔው ኅዳር ነው የተወለደው!

ጠበቃ፦ እንግዲያውስ የእሱን ዛሬውኑ አመሳክሪ። የልደት ቀኑ ለጉዞ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ 18 የሚሞላበትን ቀን የሚወስነው እሱ ነው። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩሽ ቀነ ገደብም ከዚያ ቀን ይቆጠራል።

እናት፦ ይንገሩኛ። መጪው ኅዳር 18 ይሞላዋል።

ጠበቃ፦ አንቀጽ 20 በንዑስ አንቀጽ 2 እንዲህ ይላል፤ ከውጭ ዜጋ ወላጅ በመወለዱ ወይም ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ካላሳወቀ፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። እንግዲህ ከመጪው ኅዳር እስከ ከርሞ ኅዳር ዝም ካለ ዝምታው መልስ ይሆናል። ታናሿም ጊዜዋ ሲደርስ በዚያው በር ታልፋለች።

እናት፦ ማንም እንዲህ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም! ማሳወቂያ ይመጣል? ደብዳቤ?

ጠበቃ፦ ሕጉ የማሳወቁን ሸክም የጣለው በልጁ ላይ ነው። ለዚህ ነው እኔ ልጆች ይዞ ለጉዞ የሚመጣን ሰው ሁሉ ዕድሜያቸውን የምጠይቀው። ወላጅ የፓስፖርቱን ማብቂያ ቀን ያውቃል፤ የዜግነቱን ግን አያውቅም።

እናት፦ እኔ እናቱ ለእሱ ወስኜ ብፈርምስ? ወይ አባቱ?

ጠበቃ፦ አይሆንም፤ ባይሆንም ጥሩ ነው። በአሜሪካ ሕግ ወላጅ ስለ ልጁ ሆኖ ዜግነት አይተውለትም። መተው የፈለገ ራሱ ከአሜሪካ ውጭ ባለ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በአካል ቀርቦ ይምላል። ከተወ በኋላም ሐሳቡን ቢቀይር አይመለስለትም። የ18 ዓመት ልጅ ዕድሜ ልኩን የሚከተለው ውሳኔ ነው፤ አባቱ በስልክ፣ አያቱ በምርቃት ሊጨርሱት አይገባም።

እናት፦ ኢትዮጵያዊነቱ ቢቀርበትስ? እናቴ ሱሉልታ ያለውን ቤት ለእሱ ነው የምትለው። ሊወርስ አይችልም ማለት ነው?

ጠበቃ፦ ያን ያህል አትደንግጪ። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ይሰጣል፤ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው ነው። የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ ይኖራል፣ ይሠራል። ቤትም በስሙ ሊኖረው ይችላል። የሚቀርበት መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር ነው። ከዓመታት በኋላ መመለስ ቢፈልግም የዜግነት አዋጁ አንቀጽ 22 በር ይተውለታል፤ መኖሪያውን ኢትዮጵያ ካደረገ፣ የውጭ ዜግነቱን ከተወና ካመለከተ ዜግነቱን መልሶ ያገኛል።

እናት፦ የባሌ ወንድም ለልጆቹ ከመጀመሪያውም ቢጫ ካርዱን ነው ያወጣላቸው፤ «ይቀላል» ብሎ። እኔም ያን ባደርግ አይሻልም ነበር?

ጠበቃ፦ እነሱ ሲወለዱ ወላጆቻቸው ምን ነበሩ?

እናት፦ ትንሹ ሲወለድ ሁለቱም አሜሪካውያን ሆነው ነበር። ትልልቆቹ ግን ከዚህ ነው የሄዱት፤ አባታቸው ዜግነት ሲቀበል እነሱም አብረው ሆኑ።

ጠበቃ፦ በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ልጅ አለ ማለት ነው። ሁለቱም ወላጆቹ ከልደቱ በፊት የውጭ ዜጋ የሆኑበት ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ አይሆንም፤ ለእሱ ቢጫ ካርዱ ትክክለኛ መንገዱ ነው። ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ ከነበሩ ይበቃዋል። ትልልቆቹ በልጅነታቸው በአባታቸው ምክንያት በሕግ ኃይል ነው ያገኙት። ለእነሱ የአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው የሚሠራው፤ እሱም የባሰ ጠባብ ነው። በተገኘው ዜግነት መብት መጠቀም ከጀመሩ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ካላሳወቁ ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል። ለአቅመ ውሳኔ ያልደረሰ ልጅ ወላጁ ባወጣለት ፓስፖርት መሄዱ «መብት መጠቀም» ነው ወይ የሚለው የሚያከራክር ነው፤ እነሱ የራሳቸውን ጉዳይ ለብቻው ያስመርምሩ። የአንቺ ልጆች ግን ዛሬ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ቢጫ ካርድ የተዘጋጀው ለውጭ ዜጋ ነው። ለኢትዮጵያዊ ልጅ እሱን ማውጣት፣ ልጁ ገና ያልመለሰውን ጥያቄ አንቺ አስቀድመሽ በወረቀት መመለስ ይሆናል። ይቀላል፤ ግን ከልጁ ይወስዳል።

እናት፦ አባታቸው አብሮን የለም። ብቻዬን ይዣቸው ስወጣ የሚጠየቅ ነገር አለ?

ጠበቃ፦ አለ። በትዳር ውስጥ አባትና እናት እኩል አሳዳጊና ሞግዚት ናቸው። አሜሪካም ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት ስትሰጥ የሁለቱንም ወላጅ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ፓስፖርቱም ለ5 ዓመት ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ ባልሽ ልጆቹ ካንቺ ጋር እንዲጓዙ የፈቀደበትን ደብዳቤ በሕግ አስመስክሮ ይላክ። አሜሪካ የተጻፈ ሰነድ እዚህ እንዲሠራ በኤምባሲያችንና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ እንዳለበትም አትርሺ። ይህን የምልሽ ስላልተማመናችሁ አይደለም። በፍቅር የተጀመረ ጉዞ በክርክር ሲያልቅ አይቻለሁ። ያለ ሌላው ወላጅ ፈቃድ ድንበር የተሻገረን ልጅ ለማስመለስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 በሄግ የተፈረመ ስምምነት አለ፤ አገራችን ግን አባል አይደለችም። አንድ ልጅ ያለ ፈቃድ ወደዚህ ቢመጣ የቀረው ወላጅ ያለው አማራጭ እዚህ ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ነው። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ልጁም በዚያ መካከል ያድጋል።

እናት፦ እዚህ እያሉ ችግር ቢያገኛቸው የአሜሪካ ኤምባሲ ይደርስላቸዋል አይደል? ሰው በዚያ ነው የሚመካው።

ጠበቃ፦ በዚያ አትመኪ። ሁለት ዜግነት ያለው ሰው ከሁለቱ በአንዱ አገር ሲኖር ያ አገር እንደ ራሱ ዜጋ ነው የሚያየው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1930ው የሄግ የዜግነት ስምምነትም አንድ መንግሥት ለዜጋው ብሎ በሌላኛው የዜግነት አገሩ ላይ ጥበቃ ሊያደርግ አይችልም ብሎ ነበር። ሁለት ፓስፖርት ሁለት መከታ ይመስላል፤ እዚህ ሲሆኑ ግን መከታቸው የዚህ አገር ሕግ ነው። ሕጉን ማክበርና ወረቀትን ማስተካከል የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እናት፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚሁ ሰበታ አንዲት ዘመዴ ከዓረብ አገር ልጅ ይዛ ተመልሳለች። ልጁ የልደት ወረቀት እንኳ የለውም። እኔ የሁለት ፓስፖርት ጣጣ ሳወራ እሷ ፊት ያሳፍረኛል።

ጠበቃ፦ አትፈሪ፤ አምጪያት። የእሷ ልጅም ያው አንቀጽ 6 ነው የሚያነሳው። እናቱ ኢትዮጵያዊት ከሆነች እሱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አባቱ ማንም ይሁን፣ የትም ይወለድ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ስምና ዜግነት የማግኘት መብት የተጻፈው ለልጅ ሁሉ ነው። እሷ የሚያስፈልጋት ልደቱን ማስመዝገብና እናትነቷን ማስረዳት ነው። ነገሩን ከዚህ ስትመለከቺው የአንቺም ጥያቄ ይጠራል። ለእሷ ልጅ አንድ ዜግነት እንዲረጋገጥለት እንደምንደክመው፣ ላንቺም ልጅ ያለው እንዳይባክንበት መድከም አለብን።

እናት፦ አባቴ ግን በሕይወት ቢኖር «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይለኝ ነበር። ልጄ አንዱን ይምረጥና ይረፍ የሚሉም ብዙ ናቸው።

ጠበቃ፦ ተረቱ ሊወጣ ለተነሳ ሰው ነው። ልጅሽ ግን አልወጣም፤ ሲነቃ ቅርንጫፉ ላይ ነው ያገኘው ራሱን። እኔ ሕጉ ይሻሻል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ልንገርሽ። ጀርመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ በምድሯ ለተወለዱ የውጭ ዜጎች ልጆች ሁለት ዜግነት ከሰጠች በኋላ ከ18 እስከ 23 ዓመታቸው ባለው ጊዜ አንዱን ምረጡ ትል ነበር። በ2014 እዚያው ላደጉት አነሳችላቸው፤ በ2024 ደግሞ ጭራሽ ተወችው። ጎረቤታችን ኬንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ሕገ መንግሥቷ በትውልድ ዜጋዋ የሆነ ሰው ሌላ ዜግነት በማግኘቱ ብቻ ኬንያዊነቱን እንደማያጣ ደነገገች። የሚያሰጉ ነገሮች አሉ፤ በምርጫ፣ በጦር፣ በጸጥታ የሁለት አገር ሰው እንዳይገባ መፈለግ አግባብ ነው። ግን 270/1994ን ያወጣው ምክር ቤት እነዚህን ቦታዎች ለይቶ አጥሮ ሌላውን መክፈት እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል። ለትውልደ ኢትዮጵያዊ የተቻለው ከልደቱ ኢትዮጵያዊ ለሆነው ልጅ እንዴት ያቅታል?

እናት፦ መንግሥትስ ይጠራቸው የለ? በእኛ በ2016 እኮ በውጭ የተወለደውን ሁለተኛ ትውልድ ወደ አገራችሁ ኑ ብሎ ነበር።

ጠበቃ፦ ጠርቶ ነበር፤ ጥሪውም መልካም ነበር። ጥሪውና አንቀጽ 20 ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንድ እጅ ና ሲል ሌላው ልጁ 19 እንደሞላ መዝገቡን ይዘጋል። ቢያንስ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። ቢያንስ ዝምታ ብቻውን ዜግነት እንዳያስቀር፣ ልጁ ተነግሮትና ተጠይቆ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ይህን ለማሻሻል የሚያስፈልገው አዋጅ ነው፤ ሕገ መንግሥት መቀየር አይጠይቅም። እንዲያውም ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 33 ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። የማያውቀውን ቀነ ገደብ ያሳለፈ ልጅ በፈቃዱ ተወ ማለት ከዚህ ጋር ይስማማል ወይ? እኔ አይስማማም ነው የምለው።

እናት፦ እስኪሻሻል ድረስ ግን እኛ እናቶች ምን እናድርግ?

ጠበቃ፦ ምርጫውን ሳይበላሽ ለልጁ ማድረስ። የወላጅ ድርሻ እሱ ነው። ልደቱን በጊዜው ማስመዝገብ፣ ስሙንና ቀኑን በሁለቱም አገር ሰነድ አንድ ማድረግ፣ በገባበት ማስወጣት፣ ከማንም ምንም አለመደበቅ፤ ይህ ሁሉ የጉዞ ጣጣ ይመስላል። በእርግጥ ግን 18 ሲሞላው በእጁ የሚገባው ወረቀት ንጹሕ እንዲሆን የሚደረግ ዝግጅት ነው። ኢትዮጵያዊነቱን ቢይዝ በኩራት ይያዝ፤ አሜሪካዊነቱን ቢይዝም በቢጫ ካርዱ ወደ አያቱ ቤት ይምጣ፣ ይሥራ፣ ይኑር። የትኛውንም ቢመርጥ አላጠፋም።

እናት፦ እኔ ልቤ ኢትዮጵያዊ ሆኖ እንዲቀር ይፈልጋል። አባቱ ደግሞ አሜሪካዊነቱን እንዳይተው።

ጠበቃ፦ ሁለታችሁም ልባችሁን ንገሩት፤ መደበቅ አያስፈልግም። ግን ሕጉን ከስሜታችሁ ለይታችሁ ንገሩት። አንደኛውን ሲመርጥ ምን እንደሚቀርበት፣ ምን እንደሚመለስለት፣ ምን እንደማይመለስለት ይወቅ። ወደ አባቱ ሳይሄድ ንገሩት፤ ወደዚያ ከሄደ በኋላ ዓመቱ ሳይታወቀው ያልፋል።

እናት፦ እንግዲያው ትኬቱን ከመቁረጤ በፊት ኢሚግሬሽን እሄዳለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከሱሉልታ እሱን ይዤው እመጣለሁ። ጥያቄው የእሱ ከሆነ እሱ ራሱ ይጠይቅዎት።

ጠበቃ፦ ይምጣ። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለታተመ በሚቀናው ቋንቋ ያነበዋል። አንቺ ከጎኑ ተቀመጪ፤ የሚናገረው ግን እሱ ይሁን። ከመጪው ኅዳር ጀምሮ ሕጉ የሚጠይቀው እሱን ነው።